የማትሠራው የጋሽ ሙሄ መኪና

ጋሽ ሙሄ መሞታቸውን የነገረችኝ ከበረንዳችን ፊት ለፊት ቲማቲም የምትሸጠው ሴትዮ ናት። "ሌሊቱን አረፉ" ስትለኝ ከአፌ ቀድሞ የወጣው "ማንን እየተሳደቡ?" የሚል ነበር። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ሰው ሲሞት "ኢናሊላሂ" ይባላል እንጂ እንዲህ አይባልም። ግን ጋሽ ሙሄን የሚያውቅ የመካነ ሰላም ሰው ሁሉ በልቡ የጠየቀው ይህንኑ ነው፤ እኔ ጮክ ብዬ አልኩት እንጂ። ሴትዮዋም አልተቆጣችኝም። ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ "የመጨረሻው እንኳ ትራሱን ነው አሉ። 'ይህን የሰፋ ሰው እጁ ይቆረጥ' ብለው ነው ያሸለቡት" አለችኝ።

የማይረሳ ሰው ሲባል ብዙ ጊዜ የሚነሳው ምርቃቱ፣ ፈገግታው፣ የዋህነቱ ነው። የኔው ሰው ከነዚህ አንዱም አልነበራቸውም። ሲመርቁ ሰምቼ አላውቅም። ፈገግ ሲሉ ያየኋቸው ሁለቴ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ ሰው ጭቃ አዳልጦት ሲወድቅ። እንዲህ ያለ ሰው ሞቶ እህል አልዋጥ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ጅዳ የሰው ቤት ሠርቼ ስመለስ በተረፈችኝ ጥሪት በመብራት የምትሠራ የስፌት መኪና ገዛሁ። ከዚያም አንድ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ሱቅ በረንዳ ላይ ቦታ ተከራየሁ። በረንዳው ላይ ሁለት ሰፊዎች ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው ኖረዋል። ፊታችንን ወደ መንገዱ አድርገን ስንቀመጥ ጋሽ ሙሄ መሐል፣ ጋሽ ተሰማ በቀኛቸው፣ እኔ በግራቸው ሆንኩ። የሁለቱም መኪና በእግር የምትረገጥ ጥቁር አሮጌ ናት። የኔን ነጯን ያዩ ዕለት ጋሽ ሙሄ ዙሪያዋን ዞሩና፣ "ይቺስ እንደ ሹም ናት፤ ከላይ ካልታዘዘች አትሠራም" አሉ። መብራቱም እንደሰማቸው ሁሉ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጠፋ።

ስሜ ዘይነብ ነው። እሳቸው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "ጅዳ" ብለው ጠሩኝ፤ ከዚያ ወዲያ ስሜን የሚያውቀው እናቴና የቀበሌ መታወቂያዬ ብቻ ሆነ።

ቁመታቸው አጭር፣ ምላሳቸው ረጅም ነበር። የሚለብሱትን ጃኬት የሰፉት ደንበኛ ከተዋቸው ብጣሾች ነው። ግማሹ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ ግማሹ የሙሽራ ሱሪ፣ አንደኛው ኪስ የመጋረጃ ጨርቅ ነበር። ሻይ በራሳቸው ገንዘብ ሲጠጡ ያየ የለም። ማታ ሲነሱ ከመሬት ላይ ክር ይለቅማሉ፤ የኔንም ጭምር። "የኔ ክር ነው ጋሽ ሙሄ" ብላቸው፣ "መሬት ከወደቀ የአላህ ነው፣ እኔ ለሱ ነው የማነሳለት" ይሉኛል። አንድ ሹም ኮት ሊያሰፋ መጥቶ ደረቱን ሲነፋባቸው፣ "አተንፍሰው ወንድሜ፣ ጨርቅ በሜትር ነው የሚሸጥ" ብለውታል። ሥራውን ግን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። "ሰው ሲለካ ሆዱን ይሰበስባል፣ ሲበላ ይለቀዋል። አንቺ የምትለኪው የሚበላውን ሰውዬ ነው" ይሉኝ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ሱሪ ስለካ በሁለት ጣት የማሰፋው ከዚህ የተነሳ ነው፤ አንድም ሰው ጠበበኝ ብሎ አልተመለሰብኝም።

ጋሽ ተሰማ ሌላ ዓይነት ሰው ናቸው። ረጅም፣ ዝግ ያሉ፣ ቃላቸውን ለክተው የሚቆርጡ። ሚስታቸው ሞተዋል። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ያን ጊዜ ደሴ ነርስነት ትማር ነበር። ኮት በመስፋት ከወረኢሉ እስከ ወግዲ የታወቁ ነበሩ፤ እሳቸውም ይህን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ኩራታቸው በሰው ቤት የማይገባ ሣጥን ያህላል። አንድ ጊዜ የዕድር ሰዎች የልጅቷ ወጪ እንደከበዳቸው ሰምተው ጥቂት ብር አዋጥተው መጡ። ጋሽ ተሰማ ከመኪናቸው ሳይነሱ፣ "ይህ የማን ሱሪ ማሰፊያ ነው?" አሉ።

"የማንም አይደለም ጋሽ ተሰማ፣ ለርስዎ ብለን…"

"እንግዲያው ጨርቁን ይዛችሁ ስትመጡ እቀበላለሁ።"

ሰዎቹ አፍረው ሲሄዱ ጋሽ ሙሄ፣ "ሞኝ! ተቀብለህ ለኔ አትሰጠኝም?" ብለው ጮኹባቸው። ቀኑን ሙሉ በዚህ ተነታረኩ። ሠላሳ ዓመት የተቀመጡት እንዲሁ እየተነታረኩ ነው።

በረንዳው ሕግ ነበረው። አልተጻፈም፣ ግን ከተጻፈው ይልቅ ይከበር ነበር። ደንበኛ የሚሆነው መጀመሪያ ሰላም ላለው ሰፊ ነው፤ ሌላው በዓይኑ እንኳ አይጠራውም። ደግሞ መኪናው የተበላሸበት ሰው ደንበኞቹን በቀኙ ለተቀመጠው ያሳልፋል፤ መኪናዋ እስክትጠገን ድረስ የራሱን ሥራ አይቀበልም። ተቀባዩ አመሰግናለሁ አይልም፣ ሰጪውም ድርሻ አይጠይቅም። "ለምን በቀኝ?" ብዬ ብጠይቅ ጋሽ ሙሄ "በግራ ያለሽው አንቺ ስለሆንሽ" አሉኝ።

አንድ የገበያ ቀን፣ ጋሽ ተሰማ ለምሳ ቤታቸው ሄደው ሳለ፣ ከወግዲ በኩል የመጣ ገበሬ ከበቅሎው ወርዶ ሱሪ እያውለበለበ ወደ በረንዳው ወጣ። ሱሪው የጋሽ ተሰማ ሥራ ነው። አንደኛው እግር ከሌላው በአራት ጣት ያጥራል፤ ኪሱ ተገልብጦ በውጭ ተሰፍቷል። ሰውየው አፉን ሳይከፍት ጋሽ ሙሄ ተቀበሉት።

"ቁም እስቲ" አሉት። ቆመ። "ተራመድ።" ተራመደ። "አየሽ ጅዳ? ወላሂ ይህን የሚያይ ተሰማ ብቻ ነው። የግራ እግርህ አጭር ነው ወንድሜ። እስከ ዛሬ የነገረህ የለም?"

"ኧረ የለም" አለ ሰውየው እግሩን እያየ።

"ይደብቁሃል። ኪሱንስ በውጭ ያደረገው ለምን ይመስልሃል? ገበያ መሐል ሌባ እጁን ሲሰድ እንድታየው ነው። ካልወደድከው ግን ተወውና ማታ ስትመለስ ና፤ እንደ ማንም ሰው ሱሪ ይደረግልሃል።"

ሰውየው አንድ ጊዜ ግራ እግሩን፣ አንድ ጊዜ ቀኝ እግሩን እያየ ወደ ገበያው ወረደ። እኔ በሳቅ ልሞት ደረስኩ። ጋሽ ሙሄ ግን አልሳቁም። ምላጭ አውጥተው ስፌቱን መፍታት ጀመሩ።

"ዓይኑ ሄዷል" አሉኝ ቀስ ብለው። "ሐኪሙ የዓይን ሞራ ቢሆን ባነሳነው ነበር ብሎታል። ጨርቁ ይታየዋል፣ ክሩ አይታየውም። ልጅቷ ገና ሁለት ዓመት ይቀራታል። ደንበኛ ካወቀ ያበቃለታል። ለሰው ትንፍሽ ብትዪ ምላስሽን ነው የምዘመዝመው።"

በሳምንቱ በረንዳ ስደርስ የጋሽ ሙሄ መኪና አቡጀዲ ተከናንባ፣ እሳቸው ደግሞ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"ምን ሆነች?" አልኩ።

"ሞተች።"

"ምኗን ታመመች?"

"ልቧን። ሐኪም ነሽ እንዴ አንቺ? ዕቃዋ ከደሴ ይመጣል።"

ጋሽ ተሰማ ዘወር አሉና፣ "ሙሄ፣ ልይልህ?" አሉ።

"ምን ታያለህ! የራስህን እይ!" አሉ ጋሽ ሙሄ፤ ካሉ በኋላ ከንፈራቸውን ነከሱ። ጋሽ ተሰማ "እሺ፣ ከደሴ ይምጣ" አሉና ፊታቸውን መለሱ። የመጀመሪያው ደንበኛ ጀለቢያ ሊያሰፋ መጥቶ "አሰላሙ አለይኩም ጋሽ ሙሄ" ሲል በበረንዳው ሕግ መሠረት ወደ ቀኝ ተላለፈ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። እኔ በግራ በኩል ነጯን መኪናዬን ታቅፌ የሕግን ክብደት ተማርኩ።

ከዚያ ወዲያ ዕቃው መምጣቱን ቀጠለ፤ አልደረሰም እንጂ። አንድ ወር አለፈ፣ አምስት ወር አለፈ። ከተማው ቀልድ አደረገው። የማይመጣ ነገር ሁሉ "የጋሽ ሙሄ ዕቃ" ተባለ። የቧንቧው ውሃ የጋሽ ሙሄ ዕቃ ሆነ። ሳዑዲ ሄዶ ሽማግሌ እልካለሁ ያለ እጮኛ የጋሽ ሙሄ ዕቃ ሆነ። ሚስታቸው እትዬ ፋጤ ሳይቀሩ አንድ ቀን በረንዳ ድረስ መጥተው፣ "አንተ ሰውዬ፣ ይህ ዕቃ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው? በእግሩም ቢሆን እኮ እስካሁን አቀስታን ያልፍ ነበር!" ብለው ጮኹ። ጋሽ ሙሄ "መንገድ ላይ አግብቶ ይሆናል" አሏቸው።

ለአረፋ በግ አላረዱም። "ዘንድሮ የበግ ሥጋ አስጠልቶኛል" አሉ። የወሎ ሰው የአረፋ በግ የሚያስጠላው ወይ ሲታመም ነው ወይ ሲያጣ፤ እሳቸው ደግሞ ለስድብ የሚሆን ጤና አላጡም። ሻዩን ያለ ስኳር መጠጣት ጀመሩ፤ የሚጋብዛቸው ሰው ስኳር ቢጨምርበት እንኳ "ልማድ አታስይዙኝ" ይላሉ። ጫማቸው ሲቀደድ በጃኬታቸው ብጣሽ ጠገኑት።

መኪና የሌለውን ሰው በእጁ ከመሥራት ሕጉ አይከለክለውም። ስለዚህ ጋሽ ሙሄ ቀኑን ሙሉ የጋሽ ተሰማን ሥራ እየተቀበሉ ይዘመዝማሉ፣ ቁልፍ ይተክላሉ። "ሥራ ፈትቼ ፊትህን ከማይ ይሻላል" ይሏቸዋል። እየዘመዘሙ የተጣመመውን ስፌት ይፈቱታል፤ ከመኪና ስፌት እንዳይለይ አድርገው በእጃቸው መልሰው ይሰፉታል። እጅጌ በቦታው ይገባል፣ ኮሌታ ይቃናል። ከጃኬታቸው ደረት ላይ ደግሞ ክር የገባባቸው መርፌዎች በተርታ ይሰካሉ፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ ሰማያዊ። ጋሽ ተሰማ እጃቸውን ዘርግተው እንደ ራሳቸው ዕቃ አንዱን ይነቅላሉ። ማንም ለማንም ምንም አይልም። ከዚያ ጋሽ ሙሄ፣ "አንተ፣ ያን መርፌ መልስ፣ የአባትህ ርስት መሰለህ?" ብለው ጭቅጭቁን ይጀምሩታል።

ደንበኛው ግን "የጋሽ ተሰማ እጅ እንደ ወይን ጠጅ ነው፣ ሲያረጅ ይበልጥ ይጥማል" እያለ ያደንቅ ነበር። ጋሽ ተሰማም አድናቆቱን እንደ ለመዱት ሰው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይቀበላሉ። ይህን ሳይ አንጀቴ ያርር ነበር። እውነቱን ለመናገር ያሳረረኝ የጋሽ ሙሄ ድካም አይደለም፤ የኔ ወንበር ባዶነት ነው። ዓይነ ስውር ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸው ሰው ፊት ሰው ይሰለፋል፣ ሁለት ዓይን ያላት ዘይነብ ዝንብ ትቆጥራለች።

ዓመት ሞላው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው የዩኒፎርም ሥራ ጎረፈ፤ ለኔም ጭምር ተረፈ። ያን ጊዜ ደግሞ መብራት ለሦስት ቀን ጠፋ። ወላጆች ፊቴ ቆመው ይጮኻሉ፣ ነጯ መኪናዬ ከላይ ትእዛዝ ትጠብቃለች። ዓርብ ነበር። ጋሽ ሙሄ ለጁምዓ ወደ መስጊድ ሄደዋል። በቀኝ በኩል ጋሽ ተሰማ አንገታቸውን ደፍተው ይረግጣሉ፤ ዙሪያቸውን ሰው ከቧቸዋል።

ለምን እንዳደረግኩት አውቃለሁ፣ አላስመስልም። ተነስቼ አቡጀዲውን ገለጥኩ። መኪናዋ ዘይት ተቀብታለች፤ አቧራ የሚባል የላትም፤ መርፌዋ ያብረቀርቃል። የአንዱን ልጅ ሱሪ አስገብቼ ረገጥኩ። ሩዝ የመሰለ ስፌት ጣለች። ተበላሽታ አታውቅም።

ያን ጊዜ ዝም ብል ይበቃ ነበር። የዝምዘማውን ነገር አውቃለሁ፣ የዓይናቸውን ነገር አውቃለሁ፣ የልጅቷን ነገር አውቃለሁ። ግን ዓመት ሙሉ በግራ የተቀመጠ ሰው ቅናት ምን እንደሚያናግር አይታወቅም። "ኧረ እዩ!" ብዬ ጮኽኩ። "የጋሽ ሙሄ መኪና ትሠራለች! ድሮም ደህና ናት! ዓመት ሙሉ ደንበኛ ሲመጸውቱ ነው የኖሩት!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። የጋሽ ተሰማ እግር ቆመ። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው አጠፉት። መቀሳቸውን ፈልገው፣ በሁለተኛው ዳሰሳ አግኝተው፣ ኪሳቸው ከተቱ። "ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ሌላ አስለኩ" አሉና የበረንዳውን ምሰሶ በእጃቸው እየነኩ ወረዱ። ወዴት እንደሚሄዱ የጠየቃቸው የለም። ሳቁ ያን ጊዜ ቆመ፤ ወላጆቹም ተበታተኑ።

ጋሽ ሙሄ ነጭ ጀለቢያቸውን እንደለበሱ ከስግደት ተመለሱ። የተገለጠችውን መኪና አዩ። ባዶውን ወንበር አዩ። እኔን አዩ። ስድብ ጠብቄ ራሴን አጎነበስኩ፤ አንድም ቃል አልተናገሩም። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም። ወደ ሱቁ ገብተው መዶሻ ይዘው ወጡ። መኪናዋን ገለበጧት። ከሆዷ ላይ ሁለት ጊዜ መቱ። በሁለተኛው አንድ ነገር ተሰበረ፤ ድምፁን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ያቺን መኪና ከአባታቸው ነው የወረሷት። ከዚያች ሌላ ምንም አልነበራቸውም።

መዶሻውን ለባለሱቁ መለሱ። "ተነሺ ጅዳ" አሉኝ። "ወዴት?" "ልትዋሺ ነዋ። እውነት አያምርብሽም።"

የጋሽ ተሰማ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። ፀሐይ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው አገኘናቸው።

"ይቺ ሀያእ የሌላት፣ እፍረት የማታውቅ ሴት ዋሽታለች" አሉ ጋሽ ሙሄ ገና ሳይቀመጡ። "ንገሪው!"

"ዋሽቻለሁ ጋሽ ተሰማ" አልኩ። "ሰው እንዲስቅ ብዬ ነው። የረገጥኩትም የጋሽ ሙሄን አይደለም፤ የሰሙት የኔን መኪና ነው።"

"መብራት የለም እኮ" አሉ ጋሽ ተሰማ።

"መጥቶ ነበር፣ ሄደ" አልኩ።

ይህን ያገራችን ሰው ሊጠራጠር አይችልም። ጋሽ ተሰማ ግን ከግድግዳው አልተነሱም። ቀጥሎ ጋሽ ሙሄ፣ "ካላመንክ ና ዳሰህ እይ። ዓመት ሙሉ ምን ስልህ ነበር?" አሉ። ሦስታችን ተመለስን። ጋሽ ተሰማ እንደገና በተሰበሰቡት ወላጆች ፊት ተጎንብሰው የመኪናዋን መንኮራኩር አዞሩት። ከውስጥ የተሰበረ ብረት ተንኳኳ። እጃቸው መንኮራኩሩ ላይ ቆየ።

"ሙሄ" አሉ በመጨረሻ፣ "ይቺ ከደሴም ዕቃ አይገኝላት።"

"ይገኛል። አንተ ብቻ ያን ዩኒፎርም ጨርስ፣ ሰው ቆሟል።"

ጋሽ ተሰማ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ዘርግተው ከጋሽ ሙሄ ደረት ላይ መርፌ ነቀሉ፤ ጋሽ ሙሄም "የአባትህ ርስት መሰለህ?" አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በመካነ ሰላም ውሸታም ተባልኩ። ጅዳ እያለሁ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ደመወዜን ለእናቴ ስነግራት ዋሽቻለሁ፤ ለእመቤቴ ሰግጄ መጣሁ ብዬ ተኝቼ ዋሽቻለሁ። አንዱም አልተነቃብኝም። አንድ ቀን እውነት ተናገርኩና ስሜ ጠፋ። ቲማቲም ሻጯ እንኳ የስፌት ዋጋ ስነግራት "አንቺ ካልሽው ይሆናላ" ትለኝ ጀመር። ይገባኛል።

ልጅቷ ትምህርቷን ጨረሰች፣ እዚሁ ጤና ጣቢያ ተመደበች። ጋሽ ተሰማ በዚያው ወር መቀሳቸውን ሰቀሉ። ያን ጊዜ ዓይናቸው ብርሃንና ጨለማን ብቻ ይለይ ነበር። ጋሽ ሙሄ ግን የሚመለሱበት መኪና አልነበራቸውም። አዲስ ለመግዛት ዓመት ሁለት ዓመት ያልሠራ ሰው ከየት ያመጣል? በረንዳውን ለቀው እህል ተራ ወረዱና የነጋዴ ጆንያ በእጅ መስፋት ጀመሩ። ሹም ኮት ያለበሰ እጅ ጆንያ ሰፋ። ከተማው "ሙሄ ወደቀ" አለ፤ ያው ከተማ ሱሪው በነጻ የተቃናለት ነው።

አንድ ቀን ሄጄ፣ "በኔ መኪና በፈረቃ እንሥራ፣ እርስዎ ጠዋት፣ እኔ ከሰዓት" አልኳቸው። ከጆንያው ላይ ቀና ሳይሉ፣ "መብራት ሲጠፋ ጥሪኝ፤ ያን ጊዜ ወንበሩ ይመቻል" አሉኝ። ለካ ጋሽ ተሰማን ኩሩ እያሉ የሚሰድቡት መስታወት እያዩ ነው። በሕጉ መሠረት እኔ በግራቸው ስለነበርኩ፣ መኪናዬ ብትበላሽ ደንበኞቼ የሚያልፉት ለእሳቸው ነበር። ነገር ግን ይህ ትዝ ያለኝ እሳቸው መኪና ካጡ በኋላ ነው። መኪና በነበራቸው ጊዜ የኔዋ አንድ ቀን እንኳ ታማብኝ አታውቅም።

እወዳቸው ነበር። ይህን ያወቅኩት ቲማቲም ሻጯ ዜናውን ከነገረችኝ በኋላ ነው፤ ለእሳቸው ብነግራቸው ኖሮ ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ በሕይወት ሳሉ አልሞከርኩትም።

ለቅሶ ቤት በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ጋሽ ተሰማን እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው። እትዬ ፋጤን "አላህ ያጥናሽ እህቴ" ብለው ተቀመጡ። እትዬ ፋጤ ሻይ ሊያመጡ ወደ ጓዳ ሲገቡ ተጠግቼ ተቀመጥኩ። ዓመታት የተሸከምኩት ነገር ነበር፤ ከዚያ በኋላ የምፈራው ሰው አልነበረም።

"ጋሽ ተሰማ፣ ያን ቀን አልዋሸሁም። መኪናዋ ትሠራ ነበር።"

"አውቃለሁ ልጄ" አሉ።

"ያን ቀን አወቁ?"

"ከመጀመሪያው ሳምንት ነዋ። ገና ጎሕ ሲቀድ ሱብሒ ሰግዶ ሲመጣ በረንዳው ላይ ብቻውን ነው። እንዳትዝግ ዘይት ቀብቶ ይረግጣታል። እኔ ከአጥሩ ጥግ ቆሜ እሰማለሁ፤ ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ ምን ሆነ? ሸፍኗት ሲቀመጥ ሳል ሳል ብዬ እገባለሁ። ዓመት ሙሉ፣ በዚያ ውርጭ።"

"ታዲያ ያን ዕለት ለምን ተነስተው ሄዱ?"

"አንቺ ጮኽሻ! እኔ ማወቄ ሌላ፣ ሰው መስማቱ ሌላ። ሰው ከሰማ በኋላ በምን ፊቴ ልቀመጥ?"

"ለጋሽ ሙሄስ ማወቅዎን ለምን አልነገሯቸውም? ቢነግሯቸው ኖሮ መኪናዋን ባልሰበሯት ነበር።" ይህን ያልኩት ክፋት አስቤ አይደለም፤ ግን ከወጣ በኋላ ምን እንዳልኩ ገባኝ።

ጋሽ ተሰማ ፊታቸውን ወደኔ መለሱ። "መጀመሪያ ያልነገርኩት ደንበኞቹን እንዳይወስድብኝ ነው" አሉ። "ኩሩው ተሰማ ይህ ነው። ልጄ ገና ሁለት ዓመት ይቀራት ነበር። ቤቴ ድረስ ሲመጣ ግን ልነግረው ወስኜ ነበር። በመንገድ ላይ ቃሉን እያዘጋጀሁ ነው የመጣሁት። ደርሼ መንኮራኩሯን ሳዞር ተሰብራለች። ከዚያ ወዲያ አውቅ ነበር ብዬ ብነግረው፣ በከንቱ ሰበርካት ማለት አይደለም? ጆንያ ሲሰፋ በየሳምንቱ እየሄድኩ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። በየሳምንቱ አፌን እከፍትና እዘጋለሁ።"

እትዬ ፋጤ ሻዩን ይዘው የጓዳው በር ላይ ቆመዋል። ሁሉንም ሰምተዋል። ሲኒዎቹን መሬት አስቀምጠው መጡና የጋሽ ተሰማን እጅ ያዙ። የሚሰድበን ሰው ስለሌለ ሦስታችንም እንደ ልባችን አለቀስን።